«ልጁን በረት ጠራጊ አደረጋችሁት» ላሉን ሁሉ

ኔዘርላንድ ውስጥ ያለን ኢትዮጵያውያን ብዙ ስላልሆንን ወሬ ቶሎ ይዳረሳል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድሜ፣ ሕሙማንን ቀን ቀን ተቀብሎ አብሯቸው የሚሠራ ገበሬ ቤት እየሄደ ጥጃ እንደሚያጠጣና በረት እንደሚጠርግ ከተሰማ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሰው ይደውልልኛል። አንደኛው ሊቆጣኝ ነው። ሁለተኛው ከሰላምታው በኋላ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እኔም ቤት እንዲሁ ያለ ልጅ አለ» ይላል። የምጽፈው ለሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያውም መልስ ስላለኝ እግረ መንገዴን ጣል አደርግለታለሁ።

ወንድሜ የታመመው ኮሌጅ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። እንቅልፍ አጣ፤ መጋረጃ አትግለጡ አለ፤ ጎረቤቶቻችን በግድግዳው በኩል ያዳምጡኛል አለ። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉ፤ እናታችን መድኃኒቱ ጠበል ነው አለች። ሁለቱንም አደረግን። ኪኒኑ ሳይቋረጥ ጠበሉም ተጠጣ፣ ጸሎቱም ተደረሰ፤ በዚህ ረገድ ከማንም ጋር አልከራከርም። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፣ እንደገና ተኛ፣ ወጣ። ይህን ክፍል በአጭሩ የማልፈው ያየው ሰው ስለሚያውቀው፣ ላላየውም ደግሞ ቢነገረው ስለማይገባው ነው።

ማንም አስቀድሞ ያልነገረን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ድምፆቹ ጸጥ ሲሉ ቀኑ ባዶ ሆኖ ቀረ። ትምህርቱ ተቋርጧል፤ ጓደኞቹ ተመርቀው ሥራ ይዘዋል፤ መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ያደነዝዘዋል። ከሰዓት በኋላ ይነሣል፣ በረንዳ ላይ ሲጋራ ያጨሳል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ይመሻል። እናታችን ምግብ ታቀርባለች፤ እርሱ «እሺ» ይላል። በቤታችን የሚነገረው ቃል ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ። ሐኪሙ «ተረጋግቷል» ብሎ ጻፈ። ውሸት አልነበረም፤ የተረጋጋው ሰው ግን ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት አልነበረውም።

የቀን ውሎ አገልግሎት የሚባል ነገር እንዳለ መጀመሪያ የነገረችን ፋክት የሚሉት ቡድን ነርስ ናት፤ ቡድኑ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየመጣ የሚከታተል ነው። አገልግሎቱን እዚህ ዳኽበስቴዲንግ ይሉታል። መጀመሪያ የተላከው ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ማእከል ነበር፤ ብርጭቆ ይቀባሉ፣ ሻማ ይሠራሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። የሚስማማው ሰው አለ፤ አላንቋሽሽም። ወንድሜ ግን የሠራውን ሻማ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህን ማን ይፈልገዋል?» አለኝ። ቤታችን ሻማ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

እርሻ የሚለው ሐሳብ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዞርኽቡርደራይ ይሉታል፤ የእንክብካቤ እርሻ እንበለው። ገበሬው ላሙን እያለበ፣ አትክልቱን እየኮተኮተ፣ በጎን ደግሞ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች፣ ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉትን ቀን ቀን ተቀብሎ አብሯቸው ይሠራል፤ ለዚህም ከእንክብካቤ በጀት ይከፈለዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በአገሪቱ ከመቶ አይበልጡም ነበር፤ አሁን ከ1000 በላይ ሆነዋል። የወተት ዋጋ ብቻውን ለማያኖረው አነስተኛ ገበሬ ሁለተኛ ገቢ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ የምታነጋግሩት ሰው ደግ ብቻ ሳይሆን ባለ ድርጅትም ነው፤ ስለዚህ ጥያቄ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። ጎረቤት ቤልጂየም ኼል በምትባል ከተማ ነዋሪዎች የአእምሮ ሕሙማንን ቤታቸው ተቀብለው አብረዋቸው እየሠሩ መኖር የጀመሩት በመካከለኛው ዘመን ነው፤ መነሻውም ፈውስ ፍለጋ ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን ይጎርፉ የነበሩ ሕሙማን ናቸው። ከነገርኋት ሁሉ እናቴን የማረካት ይህ ነው። «ታዲያ እነርሱም ከጠበል ነው የጀመሩት በላ!» አለች።

ወደ እርሻው የሚያስገባው በር ማዘጋጃ ቤቱ፣ እዚህ ኸሜንተ የሚሉት፣ ነው። ከ2015 ጀምሮ ቤቱ ለሚኖር ሰው የቀን ውሎ አገልግሎት የሚፈቅደው ኸሜንተው ነው፤ ሕጉን ዌ-ኤም-ኦ ይሉታል። ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ ችግራችሁን ታስመዘግባላችሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዳዩን ለማጣራት ስድስት ሳምንት አላቸው፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሳኔውን በጽሑፍ ሊሰጧችሁ ይገባል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህን ነው፦ ካስመዘገባችሁ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት የራሳችሁን ዕቅድ ጽፋችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። እኛ በሁለተኛው ዙር አንድ ገጽ ጻፍን፤ ወንድሜ ቀኑን በምን ያሳልፋል፣ ምን ያቅተዋል፣ ምን ያስፈራዋል፣ ምን ይወድዳል የሚል። ውሳኔው ሲመጣ ከዐረፍተ ነገሮቹ ብዙዎቹ ከዚያች ገጽ የተወሰዱ ነበሩ።

በመጀመሪያው ዙር የሆነውን ልንገራችሁ፤ የሐበሻ ቤት ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይመስለኛል። ባለሙያዋ ለውይይት ቤታችን መጣች። እናቴ ቡና አፈላች፣ ድፎ ዳቦ ቆረሰች። ወንድሜ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ። «እንዴት ነህ?» አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» «እንቅልፍስ?» «ደህና ነው።» «ምግብ ራስህ ትሠራለህ?» «አዎ።» እናቴም ራሷን እየነቀነቀች አጸደቀችለት፤ በእንግዳ ፊት ገመና አይወጣም። ሴትየዋ የሰማችውን ጻፈች፤ ምን ታድርግ? የተፈቀደልን በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ባለሙያው ሲመጣ የምትናገሩት ስለ ክፉው ቀን ይሁን። ስድብ ወይም ማጋነን አይደለም፤ የሚያስፈልገው የሚለካው በዚያ ነው። ለሦስት ቀን ገላውን ሳይታጠብ ከቆየ ሦስት ቀን በሉ። ቤተሰብ አያስተርጉም፤ እናት የምታፍርበትን ነገር ልጅ አይተረጉመውም። ማዘጋጃ ቤቱ በነጻ ሊያቀርብላችሁ የሚገባ ገለልተኛ የደንበኛ ደጋፊ አለ፤ ከውይይቱ በፊት ጠይቁት፣ አጠገባችሁም ይቀመጥ። ውሳኔው ካላጠገባችሁ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቅሬታ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። እኛ አቅርበን ነው በሳምንት ስድስት ግማሽ ቀን ያገኘነው፤ ሦስት ሙሉ ቀን ማለት ነው። በየወሩ የሚከፈለው የራስ ድርሻ ትንሽ ነው፤ በ2020 ጣሪያው 19 ዩሮ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በጥቂቱ ጨምሯል።

አሁን ወደ እርሻዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው የተመረጠው ለቤታችን ቅርብ ስለነበረ ነው። ግቢው ያምራል፤ ሁለት ፈረስ፣ ጥቂት ፍየሎች፣ ጥንቸሎች፣ አበባ በየመስኮቱ። ሠራተኞቹ መልካም ሰዎች ናቸው፤ ብቻ ከእርሱ ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው ይቀጥናል። ቡናው ይረዝማል፣ ጨዋታው ይረዝማል፣ ሥራው አጭር ነው። ወንድሜ መሄድ እየከበደው መጣ፤ ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሳለን ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «እኔ የጠረግሁትን እርሷ ደግማ ትጠርገዋለች» አለኝ። ቦርሳውን ረስቶ ሲመለስ፣ ከሰዓት በፊት የጠረገውን የፍየል ቤት ሠራተኛዋ ከሥር ጀምራ ስትጠርገው አይቷል። ሥራው ለእርሱ ተብሎ የተፈጠረ እንጂ እርሻው የሚፈልገው አልነበረም። የታመመ ሰው ደግሞ ይህን ከጤነኛው ቀድሞ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ እርሻ ለማየት ስሄድ አንድ ጥያቄ አለችኝ፦ ይህን ሥራ ዛሬ ማንም ባይሠራው ምን ይሆናል? ገበሬው ቢያመነታ ሻይዬን ጠጥቼ አመሰግናለሁ። «ጥጃዎቹ ይራባሉ» ካለ ቁጭ ብዬ እወያያለሁ። ከዚህ ጥያቄ ቀጥሎ የማየው ቦት ጫማዎቹን ነው። ጭቃ የነካቸው ቦት ጫማዎች በር ላይ ተደርድረው፣ በየጫማው ስም ተጽፎ ካገኘሁ፣ እዚያ ቤት የሚመጣው ሰው ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው።

ሌላም መመርመሪያ አለ። የእንክብካቤ እርሻዎች ፌዴሬሽን የጥራት ምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱን የያዘ እርሻ በየዓመቱ ዘገባ እየጻፈ ማንም እንዲያነብበው ያወጣል። ስንት ሰው እንዳስተናገዱ፣ ምን አደጋ እንደደረሰ፣ ቅሬታ ቀርቦ ከሆነ እንዴት እንደተፈታ ይገኝበታል። ምልክቱ ራሱ ያን ያህል አያስደንቀኝም፤ የመጀመሪያውም እርሻ ነበረው። ዘገባውን ግን አንብቡት። ምንም አደጋ፣ ምንም ቅሬታ አልነበረም የሚል እርሻ ከብት ያለው አይመስለኝም።

ሁለተኛውን ያገኘነው ከአርንሄም ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። እውነተኛ የወተት እርሻ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ላሞች፣ በአገራችን የፈረንጅ ላም የምንላቸው፣ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች፣ ከመንገዱ ዳር ድንችና ጎመን የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ። ገበሬው ብዙ አይናገርም። በጉብኝቱ ቀን ወንድሜን ስለ ሕመሙ አልጠየቀውም፤ ቱታ አቀበለውና ድርቆሽ ሲወርድ እንዲያግዘው ጠራው። እኔ ከገበሬው ሚስት ጋር ወረቀት ስንፈራረም እነርሱ ከበረት አልወጡም።

የሙከራ ጊዜ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ይሰጣሉ። በሙከራው ጊዜም ሁሉንም ቀን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ለወንድሜ ትልቁ እንቅፋት ሥራው ሳይሆን መንገዱ ሆነ። እርሻዎቹ አውቶቡስ የማይደርስባቸው ቦታዎች ስለሆኑ በታክሲ ነው የሚወሰዱት፤ ታክሲው ደግሞ በየቤቱ እየዞረ ሰው ይለቅማል፣ ሾፌሩም ይቀያየራል። ሰዎች ይከታተሉኛል ብሎ ለሚፈራ ሰው የማያውቀው ሾፌር በማያውቀው መንገድ ሲጠመዝዝ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቀይ መብራት በሩን ከፍቶ ወረደ። እርሻው አልተስማማውም ብለን ልንተወው ነበር። ነርሷ ናት «ከየት ጀምሮ ነው የከበደው?» ብላ የጠየቀችው፤ መልሱ ከበራችን ጀምሮ እንጂ ከእርሻው በር ጀምሮ አልነበረም። ብስክሌት ገዛንለት። መጀመሪያ አብሬው ነዳሁ፤ ቀጥሎ እስከ ድልድዩ ሸኘሁት፤ በኋላ ብቻውን። ዝናብ ሲበረታ ገበሬው ራሱ መጥቶ ይወስደዋል። አንድ ሰው አልሄድም ሲል የትኛው ክፍል እንደከበደው ለይታችሁ ሳትጠይቁ እርሻ አትቀይሩ።

ሰዓቱንም ተደራደሩ። የእርሻ ሥራ በማለዳ ይጀመራል፤ የወንድሜ መድኃኒት ግን ማለዳን አያውቅም። ገበሬው የጥጃዎቹን ሁለተኛ ወተት ለእርሱ አስቀመጠለት፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን ሰዓት አየለት። በራሳችሁ አትነካኩት፤ ጠይቁ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሰውነት ሙቀትንና ፀሐይን እንዳይችል ስለሚያደርጉ በበጋ ኮፍያና ውኃ ይያዝ፤ እርሻው ላይ ያለው ሰውም ይህን ይወቅ።

ስለ ጥጃዎቹ ጥቂት ልበል፤ ለውጡ የመጣው ከዚያ ስለሆነ። አዲስ የተወለደች ጥጃ ከባልዲ መጠጣት አታውቅም። ጣትን ወተት ነክሮ አፏ ውስጥ ማግባት፣ መጥባት ስትጀምር እጅን ቀስ እያደረጉ ወደ ወተቱ ዝቅ ማድረግ ነው። ምላሷ እንደ ሞረድ ይሻክራል። የቸኮለ ሰው ባልዲውን ያስደፋል፤ አንዳንዷም ግንባሯን ነቅንቃ ወተቱን ፊቱ ላይ ትረጭበታለች። ወንድሜ ለዚህ የሚሆን ትዕግሥት አለው፤ ሕመሙ አዘገየው ያልነው ሁሉ እዚህ ዋጋ አገኘ። እያንዳንዷ ጥጃ ጆሮዋ ላይ ቁጥር አላት፤ ምን ያህል እንደጠጣች በረቱ ግድግዳ ላይ ባለ ሰሌዳ ይጽፋል።

አንድ ማለዳ አልነሣም አለ። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ፤ እኔም እናቴም የምናውቀው ዓይነት መኝታ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ ገበሬው ነው። ለምን ቀረህ አላለውም። «አርባ አንድ ቁጥር ትናንት ስንት ሊትር ጠጣች? ጽሑፍህ አይነበብም፤ ዛሬ ደግሞ አፏን አልከፈተችም» አለው። ወንድሜ ተነሥቶ ተቀመጠ። ሁለት ሊትር ገደማ እንደጠጣች፣ ግራ ጎኗ እንደተነፋ፣ ለሚስቱ ነግሯት እንደነበር አስረዳው። ከዚያ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ይህን የሚያህል ዐረፍተ ነገር ከአፉ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ገበሬው ሊያጽናናው አልነበረም የደወለው፤ መልሱን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ተቆጪዎቹ። ከሁሉ የከበደው ተቆጪ ከቤታችን አልወጣም። እናቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ከብት ቤት ያደገች ናት። «ከእበት ላወጣችሁ ስንት መከራ አየሁ፤ ደግሞ እዚህ አምጥቼ እበት ልታስዝቁት?» አለች። በዚያ ላይ ያለ ደመወዝ። በዚያም ላይ አንድ ዘመድ «አሳማም አለ» ብሎ ነግሯት ሦስት ቀን አኮረፈችን። አሳማ አልነበረም፤ አንዳንድ እርሻ ላይ ግን ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሃይማኖታችሁ የማይፈቅደውን ሥራ አልሠራም ማለት ነውር አይደለም። በክርክር እንደማልረታት ሳውቅ ይዣት ሄድሁ። በረቱ በር ላይ ቆማ ዙሪያውን ቃኘች። ላሟ የወለደችው ሌሊት ስለነበረ እንገሩ በባልዲ ተቀምጧል። «እንገሩን ምን ያደርጉታል?» አለች። ሁሉም ለጥጃዋ ነው አልኋት፤ ተረጎምሁለት፤ ገበሬው ሳቀና ትንሽ በማሰሮ ቀዳላት። ከዚያ የእበቱን ማጠራቀሚያ አየች። ኔዘርላንድ እበት የሚተርፋትና ለማስወገድ ገንዘብ የምትከፍል አገር መሆኗን ስነግራት አላመነችኝም። «ይህ ሁሉ ኩበት!» አለች፤ አንድ ክረምት ሙሉ የሚነደውን በዓይኗ ስትሰፍር ቆየች። ማታ ወንድሜ ጎመን ይዞ ገባ፤ ከአገራችን ጎመን ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ብቻ ቅጠሉ የተጨማደደ ነው፣ ቶሎም አይበስልም። ከዚያ ቀን ወዲህ እየጠየቀች የምታዝዘው እርሷ ናት።

ደመወዙን በተመለከተ ግን ተቆጪዎቹ አንድ ነገር ይዘዋል። «ለፈረንጅ በነጻ ያገለግላል» የሚሉት ትክክል አይደለም፤ ወንድሜ ሲደክመው ይቀመጣል፣ ሲከፋው ይቀራል፣ አጠገቡ የሚከታተለው ሰው አለ፤ ሠራተኛ ይህ ሁሉ የለውም፤ የሚያገኘው ድጎማም አልተነካም። ነገር ግን አንድ ሰው ለዓመታት እንደ ሙሉ ሠራተኛ እየሠራ ከሆነ፣ ወደሚከፈልበት ሥራ የሚወስድ መንገድ መኖሩን መጠየቅ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። ይህን የማይወድ ገበሬ አለ፤ ጥሩ እጅ ማጣት አይፈልግማ። የእኛው ራሱ ነው ያነሣው፤ ወንድሜ ደግሞ ገና ነኝ አለ።

ምግቡን ሳትነግሩ አትለፉ። ምሳ ዳቦና አይብ ነው፣ ወተት በብርጭቆ። ሁዳዴ ሲገባ ወንድሜ ለማንም ሳይናገር መብላት ተወ። የገበሬው ሚስት ደነገጠች፤ ምግብ መተው የሕመሙ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቀናት ስለነበር ወዲያው ነርሷ ጋ ደወለች። ልክ አደረገች። ጾም መሆኑ ሲታወቅ የለውዝ ቅቤ ገዛችለት፤ የአጽዋማቱንም ቀን ቀን መቁጠሪያዋ ላይ ምልክት አደረገችባቸው። ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ከምግብ ጋር ከሆነ ደግሞ ስለ ጾሙ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ተነጋገሩ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ አገረሸበት። የሚያሳዝነው፣ ያገረሸው ደህና ስለነበረ ነው፤ ድኛለሁ ብሎ ኪኒኑን አቁሟል። እኛ ቤት ውስጥ አላየነውም። ያየው ገበሬው ነው፤ አንዱን ባልዲ ደጋግሞ ሲያጥብ፣ ሬዲዮኑን ዝጉልኝ ሲል። ከሐኪሞቹ ጋር የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን የያዘ አንድ ወረቀት አዘጋጅተን ነበር፤ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ፣ ለማን እንደሚደወል። ቅጂውን ለእርሻው የሰጠነው ወንድሜ ፈቅዶ ነው፤ ያለ ፈቃዱ አይደረግም። ያን ወረቀት በእጁ ይዞ ስለደወለ ሆስፒታል ሳይተኛ መድኃኒቱ ተስተካከለለት። ለሦስት ሳምንት ግድም አልሄደም፤ ቦታው ግን ጠበቀው። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ታሞ ቢቀር ቦታው ምን ያህል ጊዜ ይቆይለታል?

በገንዘቡ በኩል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማዘጋጃ ቤቱ ከእርሻው ጋር ተዋውሎ በቀጥታ የሚከፍልበት ነው። ሁለተኛው ፔ-ኼ-ቤ የሚሉት፣ በጀቱ በሕመምተኛው ስም የሚፈቀድበትና እርሻውን ራሳችሁ መርጣችሁ የምትዋዋሉበት ነው። ሁለተኛው ምርጫን ያሰፋል፤ ወረቀቱም ያንኑ ያህል ይበዛል። ገንዘቡ በእጃችሁ አይገባም፤ ኤስ-ፌ-ቤ የሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና ባንክ ውሉንና የሚቀርብለትን የክፍያ ጥያቄ አይቶ ለእርሻው ይከፍላል። በጀቱን የሚያስተዳድርለት ሰው ደች አቀላጥፎ የሚያነብና ደብዳቤ የማይፈራ ይሁን። የምትፈልጉት እርሻ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ካለው መጀመሪያውን ያዙ፤ ማታ ማታ ትተኛላችሁ። ሕመሙ የማያቋርጥ ክትትል የሚጠይቅና ዕድሜ ልክ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማንም የረጅም ጊዜ እንክብካቤ በሚሰጠው ሌላው ሕግ ሊታቀፉ ይችላሉ፤ እርሱን የሚወስነው ማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ሲዝ የሚባል መሥሪያ ቤት ነው።

አንድ የጤና ነገር ደግሞ አለ፤ ማንም ስለማያነሣው እኔ ላንሣው። ከ2007 እስከ 2010 ኔዘርላንድ ውስጥ ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፍ ኪው ፊቨር የሚባል በሽታ ተዛምቶ ነበር። ዛሬ ጎብኚ የሚቀበሉ እርሻዎች ፍየሎቻቸውንና በጎቻቸውን እንዲያስከትቡ ይገደዳሉ። ይሁን እንጂ ከወገኖቻችን መካከል በልጅነት በያዘው የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ለእነርሱና ለነፍሰ ጡሮች ይህ በሽታ አደገኛ ስለሆነ ፍየል ያለበት እርሻ ከመምረጣችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። የቴታነስ ክትባትም ይታይ። ያልተፈላ ወተት ደግሞ እንደ አገር ቤት ከጡቱ እንጠጣ አትበሉ።

ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ነው። ከማለቁ ሦስት ወር በፊት ጀምሩ። እርሻው በየጊዜው የሚጽፈውን የክትትል ዘገባ ቅጂ ጠይቃችሁ በአንድ ፋይል አኑሩ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ከእናት እንባ ይልቅ ያ ይናገራል። ደህና ሆኗልና ቀኑ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ ደህና የሆነው በዚያ ቀን ምክንያት እንደሆነ ዘገባው ማሳየት አለበት። ይህንንም ለእርሻው ቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ጽፈው ፈቃዱን ያሳጥሩባችኋል።

የቀረ ጥያቄ ቢኖር የገበሬው ዕድሜ ነው። የእኛው ስልሳን አልፏል። የእንክብካቤ እርሻ የሚቆመው በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ ነው፤ ባልየው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሚስትየው ስትታመም በሩ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ስትጠይቁ ምቾት አይሰማችሁም፤ ቢሆንም ጠይቁ። እኛ ጠየቅን። ሴት ልጁ ላሞቹን ለመረከብ ወስናለች፤ የእንክብካቤውን ሥራ ግን ገና እያሰበችበት ነው፤ መልሷን በመጪው ጸደይ እንነግራችኋለን ብለውናል። እስከዚያው ሌሎች ሁለት እርሻዎች አድራሻ ይዣለሁ፤ አንደኛውን ወንድሜ ራሱ በብስክሌት ሄዶ አይቶት ተመልሷል። ጥጃዎቹ ከስተዋል አለኝ።